«በአንድ ጨዋታ ቀረችኝ»፦ የቤቲንግ ትኬት ሒሳብ፣ የሚያመጣው ዕዳና የማቆሚያው መንገድ

#1 ሒሳብ_በቃሉ

ሰኞ ጠዋት ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ «በአንድ ጨዋታ ቀረችኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚለው ሰው ለጥቂት እንዳመለጠው ነው የሚሰማው። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ከኦዱ እንጀምር፤ ግምታችሁ ከገባ ያስያዛችሁት ብር የሚባዛበት ቁጥር ነው። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.20፣ እንግዳው 3.40 ተሰጥቷል እንበል። 1ን ለየኦዱ አካፍሉ፦ 47.6፣ 31.25 እና 29.4 በመቶ ይመጣል። ድምሩ 108.3 ነው። የሦስት ውጤቶች ዕድል ተደምሮ ከ100 አያልፍም፤ ያቺ 8.3 የቤቱ ናት። ሦስቱንም በየልካቸው (በ47.6፣ በ31.25 እና በ29.4 ብር) ብትይዙ 108 ብር ከ30 ሳንቲም አውጥታችሁ 100 ብር ትቀበላላችሁ። ባጭሩ ከምታስይዙት 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 92 ብር ከ35 ሳንቲም ነው።

ይህ ለነጠላ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስትደራርቡ ኦዱ ሲባዛ የቤቱ ድርሻም አብሮ ይባዛል። በዚሁ ልክ 5 ጨዋታ ያለበት ትኬት ከ100 ብር 67 ብር፣ 10 ጨዋታ ያለበት 45 ብር፣ 15 ጨዋታ ያለበት 30 ብር ያህል ነው የሚመልሰው። «ብዙ ጨዋታ ለደፈረ ተጨማሪ ቦነስ» የሚለው ማስታወቂያ ለምን እንደበዛ ከዚህ ይገባችኋል።

አሁን ወደ «ቀረችኝ»። 10 ጨዋታ፣ እያንዳንዱ «ሹር» (እርግጠኛ) የሚባለው 1.30 ኦድ። ሲባዛ 13.79 ገደማ፤ 50 ብር ቢገባ 689 ብር ነው። የአንዱ ጨዋታ እውነተኛ ዕድል (92.35 ለ1.30 ሲካፈል) 71 በመቶ ያህል ስለሆነ አሥሩም የሚገቡት በ30 ትኬት አንድ ጊዜ ነው፤ 1,500 ብር አስይዞ 689 መቀበል ማለት ነው። ዘጠኙ ገብተው አንዷ ብቻ የምትቀርበት ዕድል ደግሞ 13 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ «በአንድ መቅረት» ከመብላት አራት እጥፍ ይበዛል። ትኬቱ ሲቆረጥ ጀምሮ በውስጡ ያለ ነገር ነው እንጂ መቃረብ አይደለም።

#2 አራት_ኪሎ_ልጅ

ይሄ በጭፍን ለሚቆርጥ ነው። ኳስ የሚያውቅ ሰው ነጠላ ብቻ እየመረጠ ቢጫወትስ?

#3 ሒሳብ_በቃሉ

@አራት_ኪሎ_ልጅ ነጠላ መጫወት ኪሳራውን ይቀንሳል፤ ልክ ነህ። ግን አንተ የምታውቀው ጉዳት፣ ቅጣት፣ የአሠልጣኝ ለውጥ ኦዱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚወጣው። በ2.10 ኦድ ላይ ሳትከስር ለመውጣት ከ100 ጨዋታ 47.6ቱን በትክክል መገመት አለብህ፤ የባለሜዳው እውነተኛ ዕድል ግን 44 ገደማ ነው። ስለዚህ ከገበያው በ3.6 ነጥብ በልጠህ፣ ያንንም በመቶዎች ጨዋታ ላይ ሳታቋርጥ ማሳየት ይጠበቅብሃል። እሱን የሚችል ሰው ቢገኝ ደግሞ ቤቱ የሚያስይዘውን መጠን ይቀንስበታል። አርሰናልን ከልጅነት ጀምሮ መደገፍ እውቀት አይባልም፤ እንዲያውም ዕዳ ነው።

#4 ገርጂ_ማዞሪያ

15 በመቶ ግብሩን ረሳኸው። ከማንኛውም ያሸነፍከው ይቆረጣል።

#5 ጠበቃ_ሰባት

ከማንኛውም አይደለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 57 ሲወጣ በዕድል ጨዋታ ከተገኘ ገቢ ላይ 15 በመቶ ሲጥል ከ1,000 ብር ያልበለጠውን አላካተተም። በዚያ ልክ የ689ኙ ትኬት ሙሉ ይከፈላል፤ 20,000 ብር ያስገኘ ትኬት ግን 3,000 ተቀንሶ 17,000 ነው የሚደርሰው። አሁን የሚቆረጠውን መጠን ከድርጅቱ ጠይቁ። ዋናው ነጥብ ግብሩ የሚነካው የገባችውን ትኬት ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊት የተበሉት አርባ ትኬቶች ተቀናሽ ሆነው አይያዙም። ሒሳብ_በቃሉ ያለው 45 ብር ትልልቅ ክፍያ ላይ 38 ይሆናል ማለት ነው።

#6 ኮድ_ለቃሚ

ስፖርቱን ትታችሁ አቪዬተር ላይ ኑ (አውሮፕላኗ በቆየች ቁጥር ማባዣው የሚያድግ፣ ሳትወድቅ ግን ገንዘባችሁን ማውጣት ያለባችሁ የስልክ ጨዋታ)፤ ኪስ የሚያራግፈው እሱ ነው። አምራቹ የሚያሳውቀው የመመለሻ መጠን 97 በመቶ ነው፤ ከ10 ጨዋታ ትኬት በብዙ ይሻላል። ጉዳቱ ፍጥነቱ ነው። በዙሩ 20 ብር፣ በደቂቃ ሁለት ዙር ብትይዙ በሰዓት 120 ዙር፣ 2,400 ብር ይዞራል። 3 በመቶው 72 ብር ነው፤ በየሰዓቱ። የቅዳሜ ትኬት አንዴ ቆርጠው ሁለት ቀን ይጠብቋታል፤ ይኼ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ እንኳ 20 ዙር ይሄዳል።

«2 ላይ ልውጣ ወይስ 10 ላይ» የሚለው ክርክር ትርጉም የለውም። አንድ ቁጥር ላይ የመድረስ ዕድል 97ን ለዚያ ቁጥር ማካፈል ነው፦ 2 ላይ 48.5 በመቶ፣ 10 ላይ 9.7 በመቶ። የትም ብትወጡ አማካዩ 97 ነው።

«እጥፍ እያደረግኩ አስመልሳለሁ» ለሚለውም ሒሳብ አለ። 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640። ሰባት ጊዜ በተከታታይ ከተበላ 1,270 ብር ወጥቷል፤ ስምንተኛው 1,280 ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ኪሱ ይደርቃል። 2 ላይ ለሚወጣ ሰው ሰባት ተከታታይ መበላት በአማካይ በ212 ዙር ውስጥ ይመጣል፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እስከዚያ 103 ጊዜ ያህል አሸንፎ በየጊዜው 10 ብር፣ 1,030 ብር ሰብስቧል። ከዚያ 1,270 በሦስት ደቂቃ ተኩል ይሄዳል። ሰውየው ግን የሚያስታውሰው መቶ ሦስቱን ማሸነፍ ነው።

#7 ቀበና_ዳገት

ቴሌግራም ላይ «ፕሪዲክተር» እያሉ የሚሸጡትስ? አቪዬተር መቼ እንደሚወድቅ ያሳያል ይላሉ።

#8 ኮድ_ለቃሚ

አይሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። ውጤቱ የሚወጣው ከአገልጋዩ (ጨዋታውን ከሚያስኬደው ኮምፒውተር) ሚስጥራዊ ቁጥርና መጀመሪያ ከገቡት ተጫዋቾች ቁጥር ተደባልቆ ነው። የአገልጋዩ ቁጥር ዙሩ ሳያልቅ ስልካችሁ ላይ አይደርስም፤ ያልደረሰውን ምንም መተግበሪያ አያነበውም። የሻጩ ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወይ በእሱ ሊንክ ስትመዘገቡ እናንተ ከምትከስሩት ላይ ኮሚሽን ይቆረጥለታል፤ ወይ ከኦፊሴላዊ ማከማቻ ውጪ የሚያስጭናችሁ ፋይል በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ማረጋገጫ ቁጥር ያነብበታል።

የ«ፊክስድ ማች» (ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል የሚባል ጨዋታ) ሻጮችም ዘዴ ያረጀ ነው። 900 ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍለታል። ለ300 ባለሜዳ፣ ለ300 አቻ፣ ለ300 እንግዳ ብሎ ይልካል። አንዱ ክፍል የግድ ይገባለታል። ያንን 300 እንደገና ለሦስት ይከፍለዋል። በሦስተኛው ቀን ሦስቴ ተከታታይ ሲገባ በዓይናቸው ያዩ 33 ሰዎች ይቀራሉ፤ «ቪአይፒ» የሚሸጠው ለእነሱ ነው። ቻናሉ ላይ ከጨዋታው በኋላ የተስተካከለ መልእክት ካያችሁ ሰዓቱ ጎን «ተስተካክሏል» የሚለው ምልክት ይኖራል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ በስክሪንሹት ብቻ የሚለጥፉት።

#9 የዕቁብ_ዳኛ

ልጆች፣ ስለ ኦዱ ብዙ አላውቅም። ገንዘቡ ዕቁብ ላይ ሲደርስ ግን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

20 ሰው፣ በሳምንት 5,000፣ ዕጣው 100,000። አንዱ በሦስተኛው ሳምንት ቢወጣለት 17 ሳምንት፣ 85,000 ብር ገና ይከፍላል። ቁማር የያዘው ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ትልቅ ገንዘብ ቀድሞ በእጁ። ምልክቱ ሦስት ነው። በመጀመሪያ «ሕመምተኛ አለብኝ» እያለ ዕጣ ያስለምናል። ወይም የደረሰውን 100,000 በ90,000 ለሌላ ይሸጣል፤ 10,000 ብር በቁሙ ጣለ ማለት ነው፤ ነጋዴ ሲቸግረው ያደርገዋል፣ ሁለት ጊዜ ከደጋገመው ግን ጠርጥሩ። ከዚያ ደግሞ እሁድ ሰው ፊት ይከፍል የነበረው «ማታ በስልክ አስገባለሁ» ማለት ይጀምራል።

መከላከያው ዋስ ነው፤ ዋሱ ግን ዕጣ ያልወጣለት አባል ይሁን። የወጣለት ዋስ የሚያዝበት የለውም፤ ያልወጣለት ግን ዕጣው ራሱ መያዣ ነው። ሁለት ዋስ፣ ፊርማቸው በመዝገብ ላይ። ችግሩ የታወቀበትን ሰው አታባርሩት፤ ከተባረረ ያለበትንም አይከፍልም። ዕጣውን በስምምነት መጨረሻ አድርጉለት፤ ያኔ ዕቁቡ ቁጠባ ይሆንለታል። ሲደርሰውም በጥሬው አትስጡት። ለሚገዛው ዕቃ ሻጭ በቀጥታ ይተላለፍ፤ ባለቤቱም ባለችበት።

#10 ገርጂ_ማዞሪያ

ጋሽ ዳኛ እግዜር ይስጥልኝ፤ የዋሱ ነገር ለእኛ ዕቁብም ያስፈልጋል። ጠበቃው፣ ባል በቁማር ያመጣው ዕዳ ሚስትን ይይዛታል?

#11 ጠበቃ_ሰባት

ሊነካት ይችላል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ አንቀጽ 70 መሠረት የአንዱ ተጋቢ ዕዳ መጀመሪያ ከግል ንብረቱ፣ ካልበቃ ከጋራ ንብረቱ ይከፈላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የገባ ዕዳ የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ነው፣ ማለትም ሁለቱም በጋራም ሆነ በተናጠል ይጠየቁበታል፤ ቁማር በዚህ ስር አይገባም፣ ግን ክርክሩን የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል። አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም ሆነ ማስያዝ፣ ከ500 ብር በላይ መበደርና ለዚሁ መጠን ዋስ መሆን የሁለቱንም ስምምነት ይፈልጋል ይላል። ሳትስማማ የተፈጸመውን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስላት መጠየቅ ትችላለች። የቀኑ ነገር ብዙ ሰው ያስከፍላል፤ «ሽማግሌ ይጨርሰው» ሲባል 6 ወሩ ያልፋል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ የአካባቢውን ተመልከቱ።

ስለ ብድርም ልጨምር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ነው (ቁጥር 2472)። በግለሰቦች መካከል ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም (2479)። አራጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪ ባዶ ቼክ ካስፈረመ ግን ጉዳዩ ወደ ተበዳሪው ይዞራል፤ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በአንቀጽ 693 ወንጀል ነው። የመሥሪያ ቤት ወይም የማኅበር ገንዘብ «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ የነካ ሰው በእምነት ማጉደል (675) ይጠየቃል። ነገ መመለሱ ወንጀሉን አይሰርዘውም፤ ቅጣት ማቅለያ ግን ይሆናል።

#12 ነርስ_ፈረቃ

የጤናውን ነገር ማንም አላነሳም። የቁማር ሱስ በዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ራሱን ችሎ የተመዘገበ ሕመም ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው እትም ዘጠኝ ምልክቶች ዘርዝሯል፤ በ12 ወር ውስጥ አራት ከተሟሉ ሕመሙ አለ ይባላል። ለማጣራት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ የምታስይዘውን መጠን እየጨመርክ መሄድ አስፈልጎህ ያውቃል? ስንት እንደምትቆምር ለቅርብ ሰው ዋሽተህ ታውቃለህ? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ወደ ሙሉ ምርመራ ይኬዳል።

ሲያቆም ምን ይጠበቅ? የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንድ ቦታ አለመርጋት። ጫት አብሮ ካለ ሁለቱን ነጥሎ ማየት ያስቸግራል፤ ምርቃናው ላይ የሚቆረጥ ትኬት ብዙ ነው። ሕክምናው በዋናነት የንግግር ሕክምና ነው፤ ድብርት ካለ እሱም ይታከማል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ጅማና ጎንደር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ፕራሚፔክሶልን የመሳሰሉ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ቆምሮ የማያውቅ አዛውንትን ቁማርተኛ ሊያደርጉ ይችላሉ። አባታችሁ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ከሆነ ለሐኪማቸው ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡባቸው።

ትልቁ አደጋ ዕዳው ለቤተሰብ የወጣበት ሳምንት ነው። «ራስህን ስለመጉዳት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አይጭርበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አታሳድሩት፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

#13 ቀበና_ዳገት

እሺ ማቆም የፈለገ ሰው ገንዘቡን እንዴት ይያዝ? በተግባር።

#14 ደሞዝ_ክፍል

በቅደም ተከተል እንሂድ።

በመጀመሪያ የሦስት ወር የቴሌብርና የባንክ ዝርዝር ማውጣት። ወደ ቤቲንግ የወጣውን ሁሉ በአንድ ዓምድ፣ የተመለሰውን በሌላ ዓምድ። ልዩነቱ ነው ኪሳራው። ሰው በልቡ የያዘው ቁጥር ሁልጊዜ ያንሳል፤ የገባችውን ቀን ያስታውሳል፣ 30 ብር 30 ብሩን አያስታውስም። በጥሬ ገንዘብ ሱቅ የተቆረጠው እዚህ ላይ ስለማይታይ ለብቻው ይገመት።

ከዚያ በሩን መዝጋት። መለያው የተያያዘው ከስልክ ቁጥር ጋር ስለሆነ ለድርጅቱ «በዚህ ቁጥር የተከፈተው መለያ ይዘጋ፣ እንደገናም አይከፈት» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩና መልሱን አስቀምጡ። መተግበሪያውን ማጥፋት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በአንድ ደቂቃ ይመለሳል። የማስታወቂያ ኤስኤምኤሶቹን ላኪ ብሎክ አድርጉ፣ የቴሌግራም ቻናሎቹንም እንደዚያው። ሁለተኛ ሲም ካለ እሱም ይቆጠር፤ ብዙ ጊዜ እቅዱ የሚፈርሰው በሁለተኛው ሲም ነው። የደመወዙ ሒሳብ ከቴሌብር ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጥ። እንደ ቴሌብር መላ ያሉ የስልክ ብድሮች ገንዘቡን የሚያስገቡት ቁማሩ ከሚወጣበት እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ከመበደር እስከ ማስያዝ መሀል ሰው የሚያስብበት ክፍተት የለም። ስለዚህ በተራቸው ተከፍለው ያልቁና እንደገና አይነኩ።

የዕዳ አከፋፈል። ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ቀጥሎ የሚቀድመው እስር የሚያመጣው ነው፦ የመሥሪያ ቤት ገንዘብና ቼክ። ቀጥሎ ዕቁብ፣ ዋሶቹ ጎረቤት ናቸውና። ከዚያ የስልክ ብድር። ጓደኛና ዘመድ መጨረሻ፤ ግን መጨረሻ መሆናቸው ይነገራቸው፣ ስልክ አይዘጋባቸው። ለምሳሌ የተጣራ 12,000 ደመወዝ፣ ኪራይ 4,000፣ ምግብና ትራንስፖርት 5,000 ከሆነ 3,000 ይቀራል። ዕዳው 75,000 ቢሆን 25 ወር ነው። ይቺ 25 ወር ናት ሰውን ወደ ትኬት የምትመልሰው፤ በአንድ ቅዳሜ ላሳጥራት ይላል። ወረቀት ላይ ወር በወር ተጽፋ ግድግዳ ላይ ትለጠፍ።

#15 ገርጂ_ማዞሪያ

ቤተሰብ ተሰብስቦ 75,000ውን አንዴ ከፍሎ ቢገላግለውስ? 25 ወር የሚችል የለም።

#16 ነርስ_ፈረቃ

እኔ አልስማማም። ዕዳው በአንድ ቀን ሲጠፋ የተበደረበት መንገድ ሁሉ እንደገና ይከፈታል።

#17 የዕቁብ_ዳኛ

ነርሷ ልክ ናት፤ ግን የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ከሆነ አይጠበቅም። እሱን ቤተሰብ ይክፈል፣ ለመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ፣ በደረሰኝ። ሌላውን ራሱ ቀስ ብሎ ይጨርስ። በእጁ ግን ምንም።

#18 ለንደን_ጀበና

ውጭ ሆናችሁ ገንዘብ ለምትልኩም ይኸው ነው። ለትምህርት ከሆነ ለትምህርት ቤቱ ሒሳብ፣ ለኪራይ ከሆነ ለአከራዩ። «አስቸኳይ» ሲባል ደረሰኝ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እንግሊዝ ያላችሁ ራሳችሁ ከያዛችሁ ጋምስቶፕ ላይ ተመዝገቡ። ነፃ ነው፤ 6 ወር፣ 1 ዓመት ወይም 5 ዓመት ይመረጣል፤ እዚህ ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ድርጅቶች ሁሉ ይዘጉባችኋል። መንገድ ላይ ያሉትን ሱቆች ግን አይሸፍንም፤ ለእነሱ የተለየ ምዝገባ አለ። በክሬዲት ካርድ መቆመር ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። አንዳንድ ባንኮች መተግበሪያቸው ላይ የቁማር መዝጊያ ቁልፍ አላቸው፤ ሞንዞ ለምሳሌ ከዘጋችሁት በኋላ መልሶ ለመክፈት ቢያንስ 48 ሰዓት ያስጠብቃል። ስዊድን ላይ ተመሳሳዩ ስፔልፓውስ ይባላል።

#19 አራት_ኪሎ_ልጅ

የመጨረሻ ጥያቄ። መለያው ውስጥ 1,400 ብር ቀርቷል እንበል። ከመዘጋቱ በፊት ምን ይደረግ?

#20 ደሞዝ_ክፍል

መጀመሪያ ከውስጡ ቦነሱን ለይ። ቦነስ ብዙውን ጊዜ የተወሰነ ዙር ተጫውተህበት ካልሆነ አይወጣም፤ 1,400ው ውስጥ 400 ቦነስ ካለ እሱን ተወው፣ ለማውጣት ብለህ ከሞከርክ ሺውም አብሮ ይሄዳል። ቀሪውን 1,000 ዊዝድሮው (ይውጣልኝ ብለህ) ጠይቅ። አንዳንድ ቦታ ጥያቄው እስኪጸድቅ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ይቆያል፤ ማታ ጨዋታ ሲኖር የሚነካው እሱ ነው። ስለዚህ ጨዋታ በሌለበት ጠዋት ጠይቅ፤ ስልኩን እስኪገባ ድረስ ሌላ ሰው ይያዘው። ቴሌብር ላይ እንደደረሰ በዚያው ሰዓት ከዕዳው ዝርዝር ላይ ላለው የመጀመሪያ ሰው አስተላልፍ፤ መዝጊያ ደብዳቤውን የምትልከው ከዚያ በኋላ ነው።